ወደህ ነው ወይስ ታፍሰህ?

ባሕር በሌለበት ከተማ ባሕረኛ ሞተ ብዬ ለማን ልንገር? ጆሃንስበርግ እኮ ያላት ወንዝ እንኳ አሌክሳንድራን አቋርጣ የምታልፍ አንዲት የቆሻሻ ውሃ ናት። ባሕሩ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ነው የሚደርሱበት። ጋሽ ደጀኔ ግን ምጽዋ ሳይሞት፣ የመን ሳይሞት፣ ያንን ሁሉ ውቅያኖስ በጭነት መርከብ ሲዞር ሳይሞት፣ መጥቶ መጥቶ አሌክሳንድራ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ሱቅ፣ በጠራራ ፀሐይ ሞተ።

ስልኩ ሲደወል ሜይፌር ሰፈር ባለው ቤታችን ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ያነሳው ባሌ ማርቆስ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ግድግዳውን ታኮ ቁጢጥ አለ። ማርቆስ ሰው ሲሞት ቆሞ የሚያስተባብር ሰው ነው፤ ሬሳ የሚያስልክ፣ ድንኳን የሚያስተክል፣ መዋጮ የሚሰበስብ። እንዲህ መሬት ላይ ሲቀመጥ አይቼው ስለማላውቅ ገና አፉን ሳይከፍት ጮህኩ።

ጋሽ ደጀኔ ዘመዳችን አልነበረም። እኔና ማርቆስ የሆሳዕና ልጆች ነን፤ እሱ የዝዋይ ሐይቅ ዳር ሰው ነው። እኛ እሁድ ከጠዋት እስከ ቀትር ጸሎት ቤት ነን፤ እሱ ለጥምቀት ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አይረግጥም። ለምን ቢሉት "እኔና እግዜር ባሕር ላይ ተነጋግረን ጨርሰናል" ይላል። ማርቆስ የጸሎት ቤታችን ዲያቆን ነውና ይሄን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔ ደግሞ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ምድጃው እዞራለሁ።

ማርቆስ ያገኘው ጅምላ መደብር በር ላይ ነው። ባኪያችን ላይ፣ ያቺ ከኋላዋ ክፍት የሆነች የዕቃ መኪና ላይ፣ የተጫነው ካርቶን ገና ሳትንቀሳቀስ እየተናደ ሲያስቸግር፣ አንድ አጭር ደንዳና ሰው ማንም ሳይጠራው መጥቶ ገመዱን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ጭነቱ አሌክሳንድራ እስኪደርስ አንድ ካርቶን አልተነቃነቀም። ችግሩ እዚያ ሲደርሱ ነው፤ ቋጠሮውን የሚፈታው ጠፋ። ማርቆስ በቢላ ቆርጦ ገባና በማግስቱ ሰውየውን ፈልጎ ቤታችን አመጣው። ለወር ተብሎ የመጣ እንግዳ ለዓመታት ከኛ ጋር ኖረ።

ሲራመድ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው፤ ወለሉ የሚያንገዳግደው ይመስላል። ያገኘውን ሁሉ ያጥፋል፤ ብርድ ልብስ፣ ጋዜጣ፣ የዳቦ ፌስታል ሳይቀር። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ድስቶቼን ሁሉ በመንጠቆ ጣሪያ ላይ ሰቅሎልኛል። "ጋሽ ደጀኔ፣ ቤቴ እኮ መርከብ አይደለም፣ አይናወጥም!" ብዬ ጮህኩበት። "ጠብቂው እታለም፣ ይናወጣል" አለኝ። ድስቶቹ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ አጭር ስለሆንኩ ለማውረድ በርጩማ ላይ እወጣለሁ።

አንገቱ ላይ ደግሞ ፊሽካ ነበረችው። የኳስ ዳኛ የሚነፋት ዓይነት፣ ከቻይና ሱቅ የተገዛች ርካሽ ፊሽካ። በድሮ መርከብ ላይ የገመድ አለቃ የሚባል ሹም ነበር ይለናል። ከካፒቴኑ በታች ስንት መኮንን አለ፣ ካፒቴኑ ከነጭ ጓንቱ ጋር ከኋላ ይቆማል፤ መርከቧን የሚያንቀሳቅሳት ግን የገመድ አለቃው ነው። በፊሽካ ያዛል፤ አንዱ አነፋፍ "ሸራ ዘርጉ"፣ ሌላው "እጠፉ"፣ ሌላው "ሁላችሁም ውጡ" ማለት ነው። ንፋስ ሲያጓራ የሰው ድምፅ አይሰማም፣ ፊሽካ ግን ይሰማል። ማርቆስ አንዴ "በዕድሜም በዕውቀትም ትበልጠናለህ፣ ካፒቴናችን አንተ ነህ" ቢለው ተቆጣ። "ካፒቴን ሰው አይወድም፣ ካርታ ነው የሚወደው። እኔ የገመድ አለቃ ነኝ።"

አሁን የማርቆስን ሥራ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ማርቆስ ሰው ያስመጣል። አገር ቤት ያለ አባት ልጁን ይሰጣል፤ ልጁ በስንት መከራ ድንበር ተሻግሮ ይመጣና ሎኬሽን ውስጥ፣ ሎኬሽን የምንለው እንደ አሌክሳንድራ ያለውን የድሃ ሰፈር ነው፣ የማርቆስን ሱቅ እየጠበቀ ይቆያል። ከዚያ የራሱ ሱቅ ይከፈትለታል፤ እሱም በተራው ሌላ ያስመጣል። ሁላችንም የመጣነው እንደዚህ ነው። ማርቆስ ራሱ እንደዚህ ነው የመጣው። ክፉ ሥራ ነው ብሎ ያሰበ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ የሚያስመጣ ሰው ይመረቃል እንጂ አይወቀስም።

አዲስ የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ቤት ነው። ይታጠባል፣ ይበላል፣ እንደ ሬሳ ይተኛል። ሲነቃ ጋሽ ደጀኔ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ይቀመጥና ይጠይቀዋል።

"ወደህ ነው ወይስ ታፍሰህ?"

ልጁ ግራ ይገባዋል። አፈሳ የሚባለውን ነገር ከአባቱ የሰማ ይኖራል፤ ድሮ ለጦርነት ወጣቱን ከመንገድ ከገበያ እየለቀሙ በካሚዮን ይጭኑ የነበረውን። "ኧረ እኔ ወድጄ ነው" ይላል ሁሉም። ምን ይበል? ማርቆስ በሩ ላይ ቆሟላ! ጋሽ ደጀኔ ራሱን ይነቀንቅና "ይሁን" ይላል።

እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ሸራ መርከብ ያወራላቸዋል። ይሄንን የተማረው ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለ ከአንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ነው።

"ንጉሡ መርከብ ሠራ" ይላል። "መድፍ ጫነ፣ ሸራ ሰቀለ። ሰው ግን የለውም። እንጀራው በትል የተሞላ፣ ውሃው የገማ፣ ጀርባ በጅራፍ የሚተለተልበት ቤት ማን ወዶ ይገባል? ስለዚህ ዱላ የያዙ ሰዎች ወደብ ለወደብ እየዞሩ ያፍሳሉ። ከሥራ የሚመለሰውን፣ ሚስቱን ሐኪም ቤት አድርሶ የሚመጣውን፣ ዝም ብሎ የቆመውን። ደግሞ ሌላም አለ፤ ያዥ ያይደለ፣ ደላላ። ደላላው ዱላ የለውም፣ መጠጥ ቤት አለው። ወንድሜ ይልሃል፣ ያበላሃል፣ ያጠጣሃል፣ አልጋ ይሰጥሃል። ስትነቃ ባሕር ላይ ነህ።"

እዚህ ላይ ማርቆስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ጋሽ ደጀኔ፣ ልጆቹን አታስፈራራ።"

"ስለ ድሮ ነው የማወራው ማርቆስ። አንተ መጠጥ ቤት አለህ እንዴ?"

ልጆቹ ይስቃሉ። ማርቆስም ሳይወድ በግድ ይስቃል።

የድሮ መርከበኞች ማዕረግም ነበራቸው። መርከብ ላይ ገና የወጣ፣ አንዱን ገመድ ከሌላው የማይለይ ሰው "የየብስ ሰው" ይባላል፤ መርከቧ ወለል ላይ ገመድ ይጎትታል፣ ይጠርጋል፣ ወደ ምሰሶ አይወጣም። ትንሽ ሲያውቅ ተራ መርከበኛ፣ ሸራ ማጠፍና መሪ መያዝ ሲችል ብቁ መርከበኛ። ከሁሉ በላይ በነፋስ ውስጥ ጫፍ የሚወጡት የምሰሶ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ደጀኔ የኛን ልጆች በዚሁ መዘናቸው። ከአገር ቤት የመጣ ሁሉ የየብስ ሰው ነው፤ ጆንያ ያወርዳል፣ መደርደሪያ ይጠርጋል፣ ወደ መሸጫዋ መስኮት አይጠጋም። "ሳውቦና" ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ ደንበኛው ካልሳቀበት፣ የሰፈሩን አሮጊቶች በስማቸው ከጠራ ተራ ይሆናል። የመንገዱ ዝምታ ደስ የማይል ዝምታ መሆኑን በጆሮው ለይቶ በር መዝጋት ሲያውቅ ብቁ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ብቻውን የሚይዘው፤ ምሰሶ ማለት እሱ ነው። ላምቤቦ የሚባል ፈጣን ልጅ በመጣ በሳምንቱ "እኔ ሱቅ መያዝ እችላለሁ" ብሎ ቢነሳ፣ "ተቀመጥ፣ ገና እግርህ ላይ አፈር አለ" ብሎ አስቀመጠው። ማዕረግ የሚሰጠው እሁድ ነው፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፊሽካዋን አንዴ ነፍቶ፣ የልጁን እጅ ይጨብጣል። ይሄን ያህል ነገር ነው። ግን አንድም ልጅ በዚያ ቀን ሳይላጭ መጥቶ አያውቅም።

ጥያቄውን እኔንም ጠይቆኛል። ኩሽና ውስጥ ብቻችንን ሆነን ድንች እየላጠልኝ ነው።

"አንቺስ እታለም? ወደሽ ነው ወይስ ታፍሰሽ?"

እኔ የመጣሁት በፎቶ ነው። የማርቆስ እህት ፎቶዬን ላከችለት፣ እሱም ፎቶውን ላከ፣ አባቴና ሽማግሎቹ ተስማሙ፣ እኔ ሻንጣዬን ያዝኩ። ከኛ ሰፈር ስንት ልጅ እንዲህ ሄዷል! "ወግድ ከዚህ! እኔ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት" አልኩትና የድንች ልጣጭ ወረወርኩበት። ሳቀ፤ ግን ልጣጩን ከሸሚዙ ላይ እያነሳ አየኝ፣ አስተያየቱ የሚያስቅ አልነበረም። ደግሞ አልጠየቀኝም።

ስለ ራሱ ግን ማንም ሳይጠይቀው የሚለው አንድ ነው። "እኔ? እጄን አውጥቼ ነው የገባሁ!" ማሰልጠኛ ሜዳ ላይ ተሰልፈው ሳለ አንድ መኮንን መጥቶ ዋና የሚችል እጁን ያውጣ አለ። ጋሽ ደጀኔ ሐይቅ ዳር ያደገ ነው፣ አወጣ። እጁን ያላወጣው ወደ ጦር ግንባር ሄደ፣ እሱ ወደ ምጽዋ። "ፈቃደኛ ነኝ፣ ወዶ ገባ" ይላል ደረቱን ነፍቶ። እንዴት ማሰልጠኛው ሜዳ ላይ ሊገኝ እንደቻለ የጠየቀው አልነበረም፤ እኛም በጎ ፈቃደኛ ነው ብለን ተቀመጥን። አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ። ድሮ የታፈሰውን ሰው መኮንኑ ፊት ያቀርቡትና "ፈቃደኛ ብዬ ልጻፍህ?" ይሉት ነበር ብሎ አጫውቶናል። እንቢ ቢልም አይለቁትም፤ አዎ ካለ ግን ጉርሻ ይሰጡታል፣ ስሙም ከፈቃደኞቹ ጋር ይገባል። "ብዙዎቹ አዎ ይላሉ" አለ ጋሽ ደጀኔ። "ለጉርሻው እንዳይመስላችሁ። ሰው መያዙ ካልቀረለት ውርደቱ እንኳ ይቅርልኝ ይላል።" ይሄን ሲነግረን ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

እንግዲህ ታምራት የመጣው ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ታምራት ኤርሲዶ፣ የዱራሜ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላው ረጅም ቀጭን ዝምተኛ። የመምህራን ኮሌጅ ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ነው አባቱ ያስወጣው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለአባቱ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ የአቶ ኤርሲዶ ቤት ሣር ክዳን እንደሆነ ቀረ፤ ባሕር ዛፉን ሸጠው፣ ከብቱን ሸጠው ላኩት። ማርቆስ በዚያ ሰሞን የአሌክሳንድራው ሱቅ ሰው አጥቶበት ነበር፤ የሚጠብቀው ልጅ ዘመዶቹ ጋ ኬፕታውን ሄዷል። የታምራትን መምጣት በጉጉት ነው የጠበቀው።

ታምራት በልቶ ተኝቶ ተነሳ። ጋሽ ደጀኔ ወንበሩን ሳበ። "ወደህ ነው ወይስ ታፍሰህ?"

ልጁ ማርቆስን አየ፣ እኔን አየኝ፣ መሬት አየ። "ታፍሼ ነው" አለ።

ኧረ ስንቱ ልጅ አልፏል በዚያ ወንበር፤ እንዲህ ብሎ የመለሰ አልሰማሁም። ታምራት "እኔ አስተማሪ ነበር መሆን የምፈልገው" ብሎ ጨመረ።

"ጎበዝ" አለው ጋሽ ደጀኔ። ከዚያ ወደ ማርቆስ ዞረ። "ይሄ ልጅ ምሰሶ አይወጣም።"

"ምን ማለትህ ነው? ሱቁ ተዘግቶ ነው ያለው!"

"ልቡ የሌለበትን ሰው ምሰሶ ላይ ብትሰቅለው እጁ ይከዳዋል። እንዲያ ዓይነቱ ነው የሚወድቀው።"

"ጋሽ ደጀኔ፣ አንተ ደግሞ! አባቱ በገዛ እጁ እኮ ነው ያስረከበኝ!"

"አባቱ ነዋ ያፈሰው።"

ማርቆስ በንዴት ወጣ። እኔም አልዋሽም፣ ለማርቆስ ነው ያዘንኩት፤ እሱ ምን አጠፋ? ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረገ። ማታ እራት ተበላ። ሳህኑን ሳነሳ ጋሽ ደጀኔ "የአሌክሳንድራውን ሱቅ እኔ እይዛለሁ" አለ። "ልጁ ወደ አገሩ እስኪመለስ።"

"ባንተ ዕድሜ? በዚያ ጉልበትህ?" አለ ማርቆስ። ጋሽ ደጀኔ ስልሳ ሊሞላው ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚነሳው።

"እኔ እጄን አውጥቻለሁ" አለ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ልጁን መመለስ ግን ቀላል አልነበረም። ታምራት አባቱ ሳይፈቅዱ አልሄድም አለ፤ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ በኛ አገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ደጀኔም በየእሁዱ ከአሌክሳንድራ እየመጣ፣ ምሳውን በልቶ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍቶ ለአቶ ኤርሲዶ ይደውላል። እኔ እየሰማሁ ነው።

"ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጅዎ ደህና ነው። ልቡ ግን እርስዎ ዘንድ ነው ያለው፤ ይፍቀዱለትና ይመለስ።"

"እናንተ ምን ቸገራችሁ! ያለኝን ሸጬ ለሱ ብዬ ነው የላክሁት። ተመልሶ ቢመጣ ደጄን እንዳይረግጥ።"

"ለሱ ብለው መሆኑን አውቃለሁ። እሱን ጠይቀውት ነበር?"

"ልጅ ይጠየቃል እንዴ?"

"ይጠየቃል ወንድሜ። መልሱን ባንወደውም ይጠየቃል። እሁድ እደውላለሁ።"

እውነትም እሁድ ይደውላል። አቶ ኤርሲዶ አንዳንዴ ይሳደባሉ፣ አንዳንዴ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጉበታል። ኋላ ኋላ ግን የዝናቡን ነገር፣ የበቆሎውን ነገር ያወሩ ጀመር። ስለ ልጁ ሲነሳ አሁንም ያው እንቢ ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ "የላላ ገመድ ከተበጠሰው ይሻላል፣ ይሳባል" ይለኛል ጋሽ ደጀኔ፤ እኔ ደግሞ "አይ አንተ ሰውዬ፣ ተስፋህ!" እለዋለሁ። ታምራት ቤት ውስጥ ዕቃ ይደረድራል፣ ልጆቼን ሂሳብ ያስጠናል፤ ትንሿ ልጄ በእንግሊዝኛ ስትመልስለት እሱ በአማርኛ እያረመ አብረው ይስቃሉ። ልጁ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሌክሳንድራም ጋሽ ደጀኔን ለመደው። እዚያ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጦ የሚሸጠውን የኛን ሰው ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሉት፤ ስም አይጠይቁም። እሱን ግን "ማዳላ" አሉት፣ ሽማግሌው እንደማለት ነው። ፊሽካዋን ቋንቋ አደረጋት። አንዴ ረጅም ሲነፋ ትኩስ ዳቦ መጥቷል ማለት ነው፤ ሕፃናቱ እየተሯሯጡ ይመጣሉ። አጭር አጭር እያደረገ ሲነፋ ደግሞ ሌባ ገብቷል፣ በየቤታችሁ ግቡ ነው። ይሄን ለሰፈሩ ሁሉ አስተምሮ ነበር። ግቢዋን ያከራየችን አሮጊት፣ ጎጎ ኖምሳ፣ ነገሩ እንደ ጨዋታ ነበር የሚታየን ብላኛለች።

የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ለለቅሶ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር በታክሲ ሜይፌር ድረስ መጣች፤ ብርድ ልብስ በትከሻዋ ላይ አጣፍታ በኛ ሴቶች መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። የሞተ ዕለት ቀትር ላይ ነው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ለዳቦ ተሰልፈዋል። ሽጉጥ የያዙ ወጣቶች ከመኪና ወረዱ። ከፍርግርጉ ጀርባ ያለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እኛ ሁላችን እናውቃለን፤ ጋሽ ደጀኔም ለልጆቹ ያስተማረው ይህንኑ ነው። መሬት ላይ ተኛ፣ ከባንኮኒው ሥር ግባ፣ ዝም በል፣ የፈለጉትን ይውሰዱ። እሱ ግን ልጆቹን አያቸው፤ በፍርግርጉና በሽጉጡ መሃል ናቸው። ቆመና ፊሽካዋን ነፋ። አጭር፣ አጭር። ልጆቹ ተበተኑ፣ በሩ ሁሉ ተዘጋ። "እስኪመታ ድረስ ነፋ" አለችኝ ጎጎ ኖምሳ። "የልጅ ልጄ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበረች።"

ከብርድ ልብሷ ሥር ፊሽካዋን አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። አጥባዋለች። አፈር ያስበላኝ፣ ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ እስከዚያ ድረስ ወጥ ሳማስል ነው የቆየሁት።

ታምራት ጥግ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። "በኔ ፈንታ ነው" አለ። ማርቆስ እጁን ያዘው። "ባንተ ፈንታ አይደለም። በኔ ፈንታ ነው" አለው። ባሌን ለመስደብ አይደለም፣ ግን እንደዚያች ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሬሳው አገር መግባት ነበረበት። ዝዋይ አንዲት እህት አለችው፣ በዓል በዓል የሚደውልላት። አብሮ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ታምራት እኔ አለ። ከዚያም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገና፣ ጋሽ ደጀኔ እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍቶ አባቱ ጋ ደወለ።

"አባዬ፣ ሬሳ ይዤ ልመጣ ነው።"

"የማን ሬሳ?"

"የዚያ እሁድ እሁድ የሚደውልልህ ሰውዬ።"

የሽማግሌው ድምፅ ተሰባብሮ መጣ። "ና ልጄ" አለ። "ና በቃ።"

አቶ ኤርሲዶ ከዱራሜ ዝዋይ ድረስ መጥተው በማያውቁት ሰው ቀብር ላይ አፈር መለሱ። ይሄን የነገረን ታምራት ነው፣ ከቀብሩ በኋላ ደውሎ። እኔና ማርቆስ ኩሽና ውስጥ ቆመን ነው የሰማነው። የሟች እህት ለለቀስተኛው ስለ ወንድሟ ታወራ ነበር አለን። ታምራት "ጋሽ ደጀኔ እኮ ወዶ ነው ባሕር ኃይል የገባው፣ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር" ሲላት ሴትየዋ አፍጥጣ አየችው።

"ማን? ደጀኔ?" አለችው። "ደጀኔማ እናታችን ወፍጮ ቤት ልካው ነው የታፈሰው። በቆሎ በአህያ ጭኖ ሄደ። ማታ አህያዋ ዱቄቱን እንደተጫነች ብቻዋን ተመለሰች። እናታችን እስክትሞት ከዚያ ዱቄት አላበላችንም።"

ማርቆስ ስልኩን ዘጋው። ጣሪያው ላይ የተሰቀሉትን ድስቶች ቀና ብሎ አየ። እኔም ያ ሰው ስንቱን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ የጠየቀውን ጥያቄ አሰብኩ። እሱን ማንም አልጠየቀውም፤ እኛም ጭምር።

ማርቆስ ሰው ማስመጣቱን ተወ ብላችሁ እንድትጠብቁ አልፈልግም። አልተወም። ሱቆቹ አሉ፣ አባቶቹም ይለምናሉ። ታምራት ኮሌጁን ቀጥሏል፤ የአባቱ ሣር ክዳን ቤት እንደነበረ ነው። ባለፈው ሰሞን አዲስ ልጅ መጣልን። ታጠበ፣ በላ፣ ተኛ። ሲነቃ ማርቆስ ራሱ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

"ወደህ ነው ወይስ ታፍሰህ?" አለው። "እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም።"

ልጁ "ወድጄ ነው" አለ። ማርቆስ "እሺ፣ እንደገና እጠይቅሃለሁ" ብሎት ተነሳ። ልጁ ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ ኩሽና ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነው። ፊሽካዋ ከድስቶቹ ጎን፣ ጋሽ ደጀኔ በተከላት መንጠቆ ላይ ተሰቅላለች።

"ምሕረት" አለኝ። "ጋሽ ደጀኔ አንቺንም ጠይቆሽ ነበር፣ አይደል?"

"ጠይቆኛል።"

"ምን አልሺው?"

"በአውሮፕላን ነው የመጣሁት አልኩት።"

ማርቆስ አልሳቀም። በሩን ተደግፎ ቆመ። "ለኔስ ብትመልሺልኝ?"

እጄን ከሳሙናው ውሃ አወጣሁ። ልጆቻችን በወዲያኛው ክፍል እየተጣሉ ነው፤ ይሰማኛል።

"ታፍሼ ነው" አልኩት። "እጄን ያወጣሁት ኋላ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። ከመንጠቆው ላይ ፎጣውን አውርዶ አጠገቤ ቆመና ሳህኖቹን ያደርቅ ጀመር።